ለጀልባ ሞተር የታረደ በግ

ወልቂጤ፣ ከወኪሉ ሱቅ በር ላይ የነበርነው ሰዎች እነዚህ ነን። እኔ ከበሩ በስተቀኝ፣ ዕድሜዬ ታይቶ በተሰጠኝ የፕላስቲክ ወንበር ላይ። ታናሽ ወንድሜ ግርማ ከደረጃው ሥር፣ የጀልባ ሞተሩን ጠጥቶ የወደቀ ጓደኛውን እንደሚደግፍ ሰው በሁለት እጁ አቅፎ። ሻጯ ከመስታወቱ ጠረጴዛ ኋላ፣ ፊቷን ወደ ስልኳ አድርጋ። መካኒኩ ግማሽ አካሉ ከውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ፤ ሥራ ላይ ነው እንዳይባል፣ አይደለምም እንዳይባል። ዘበኛው ከደረጃው ጫፍ፣ ሁላችንንም ቁልቁል እያየ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሎ ስለነበር፣ ከፎቁ መስኮት አጠገብ ብቻቸውን ቆመው ጥርሳቸውን ሲጎረጉሩ ይታዩ ነበር።

ውሃ አልነበረም። ይህን የማነሳው ዕቃው የጀልባ ሞተር ስለሆነ ነው። እኛ ወልቂጤዎች ውሃ የምናውቀው በጀሪካን ነው፤ እሱንም ሲመጣ።

ታዲያ የጀልባ ሞተር ለምን ገዛችሁ የሚል ሰው ግርማን አያውቀውም። ግርማ ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ የነዳ ሰው ነው። ዓይኑ ሲደክም መንጃ ፈቃዱ አልታደስ አለው፤ ለጥቂት ቀን ብሎ እኔ ቤት መጣ። ጥቂት ቀን የሚባለውን የዘመድ አቆጣጠር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሹፌር ጋር አንድ ቤት መኖር ቀላል አይደለም። ባልዲ ይዤ በበር ስገባ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ቀጥ አርጊው፣ በቃ!» ይላል። ሽንኩርቱንና ድንቹን ክብደቱ እኩል ይሁን ብሎ ጓዳውን ሁለት ቦታ አካፍሎታል። ጓሮዬ ያለውን እንሰት እንኳ «መኪና ማዞሪያ አሳጥቷል» ብሎ ሊነቅለው ሲነሳ ነው የደረስኩበት። መኪና የለንም።

በኋላ የድሮ የሹፌር ጓደኞቹ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ጀልባ እንደሚነዱ ሰማ። እዚያ የዓይን ምርመራ የሚጠይቅ የለም፤ ሐይቁ ሰፊ ስለሆነ መሰለኝ። ያለ የሌለውን አሟጥጦ የእንጨት ጀልባ አሠራ፤ ቀለም ቀባው፤ ሐይቁ ዳር አቆመው። የጀልባ ባለቤቶቹ ማኅበርም አንድ የተራ ቦታ እንደተከፈተና የእሱ ስም መጀመሪያ እንደሆነ ነገረው። አንድ ነገር ብቻ አሉት። ቅዳሜ ጠዋት ጀልባህን ከነሞተሩ ውሃ ላይ ካላየን፣ ቦታው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል።

ለግርማ ነገሩ የሞት የሽረት ነበር፤ መሪ ሳይጨብጥ መኖር አይሆንለትም። ለእኔም ቀላል አልነበረም። ስሜት መዘርዘር አልወድም፤ ቤቴ ተመልሶ ቤቴ እንዲሆን ፈልጌ ነበር ብል ይበቃል።

ሞተሩን ስልክ ላይ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስኩ፣ ማስታወቂያ አንብቦ የማመን ሥራ በቤታችን የእኔ ነው። ሥዕሉ ላይ ኮፍያ ያደረገ ፈረንጅ ዓሣ ይዞ ይስቃል፤ ከሥሩ «ኦሪጅናል፣ በየትኛውም ወኪል የሚጠገን» ይላል። የሰውየው ሳቅ አስተማማኝ ነበር። ዕቃው ሲመጣ ሞተሩን ብቻ ልከው ሳቁን አስቀርተውታል።

ግርማ የማስነሻ ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩ ዝም አለ። ደግሞ ሳበ። ጎረቤት መጥቶ ሳበ፤ የጎረቤት እንግዳ ሳበ። የዕድራችን ዳኛ በዚያው ሲያልፉ ከዘራቸውን አስቀምጠው ሳቡና ትከሻቸውን ይዘው ሄዱ። ሻጩ ዘንድ ብደውል መጀመሪያ አላነሳም፤ ቀጥሎ ብሎክ አደረገኝ። በዕድሜዬ ብሎክ ስደረግ የመጀመሪያዬ ነው። በእኛ ጊዜ የሚጠላን ሰው ቢያንስ መንገድ ተሻግሮ ለመሄድ ይደክም ነበር።

እንግዲህ ረቡዕ ዕለት ወኪሉ በር ላይ የተገኘነው በዚህ ምክንያት ነው። ሱቁ ሞተር ብስክሌትና የመስኖ ፓምፕ ይሸጣል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ምልክት ግን ሞተራችን ላይ ያለው ራሱ ነው።

«ከእኛ ነው የገዛችሁት?» አለች ሻጯ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

«አይደለም። ስልክ ላይ ነው።»

«ስልክ ላይ ከሆነማ እማማ፣ ስልኩ ይጠግነዋ!»

ዘበኛው ሳቀ። ደመወዝ የሚከፈለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

መካኒኩ ከውጭ ባለው ግማሽ አካሉ ሞተሩን አየና «ጀልባው የታለ?» አለ።

«ሐይቅ ላይ ነዋ!» አለ ግርማ።

«እኔ ሞተር ለብቻው አላይም። ሰው ልቡን ብቻ ይዞ ሐኪም ቤት ይሄዳል?»

«አንተ ለመሆኑ ጀልባ አይተህ ታውቃለህ?»

«በቲቪ።»

«ስማ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተሳቢ የነዳሁ ሰው ነኝ!»

«እንግዲያው ተሳቢዎትን ያምጡና እናየዋለን፣ ፋዘር።»

ግርማ ሞተሩን ባያቅፍ ኖሮ ሰውየውን ያቅፈው ነበር፤ አስተቃቀፉ ግን ሌላ ይሆን ነበር። ጩኸቱን ሰምተው ሥራ አስኪያጁ ስብሰባቸውን አቋርጠው ወረዱ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ እምቢ የሚሉት በአክብሮት ነው።

«እናቴ፣ የዚህን ዕቃ ቁጥር ሲስተሙ አያውቀውም» አሉኝ።

«ምልክቱ ግን የእናንተ አይደለም?»

«ነው። ሲስተሙ ግን ምልክት አያይም።»

«ማየት የማይችል ከሆነ ለምን እሱን ትጠይቁታላችሁ?» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ቅሬታዬን እንደተቀበሉ ነግረውኝ ወደ ፎቅ ተመለሱ። ቅሬታ የሚቀበል ሰው ብዙ ነው፤ ሞተር የሚቀበል ነው የጠፋው። በመጨረሻ የረዳን ዘበኛው ነው፤ መሳቅ ሲሰለቸው።

«ቡታጅራ ያለው ወኪል ዘንድ ሂዱ፤ ሐጂ ዘንድ። መካኒካቸው ሐይቅ ላይ የሠራ ነው።»

«እዚያስ ያው ፖሊሲ አይደለም?» አልኩት።

«ፖሊሲው ያው ነው። ሐጂ ግን ሰው ናቸው።»

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። የፈጀን ግን ይኸው ሰው መሆናቸው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሞተሩን በግርማ ጋቢ ጠቅልለን ሚኒባስ ላይ ወጣን። ረዳቱ ከላይ እሰረው ቢል ግርማ እምቢ ብሎ የኋላ ወንበር ላይ በመካከላችን አስቀመጠው። ከጎኔ የነበረች እምድብር የምትወርድ ሴት ጋቢውን አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምን ነክቷቸው ነው?» አለች።

«አልነሳ ብሎ ነው» አለ ግርማ በሐዘን።

«ውይ! ከመቼ ጀምሮ?»

«እኛ ዘንድ ከመጣ ጀምሮ።»

ሴትየዋ ከንፈሯን መጠጠች፤ ስትወርድም ጋቢውን መታ መታ አድርጋ ምሕረት ተመኘችለት። እኔም አሜን አልኩ። መንገዱ ረጅም ነው፤ እውነቱን ማስረዳት ደግሞ ያረዝመዋል።

ቡታጅራ ስንደርስ ሐጂ ነስሩ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ ያው ምልክት አለ። ከየት ገዛችሁት አላሉም። ሲስተም አልጠየቁም። መካኒኩን ታደሰን ጠሩት፤ ታደሰም ወዲያው ከረጢት አነጠፈ፣ የሞተሩን ክዳን አነሳ፣ ብሎኖቹን እየፈታ መደርደር ጀመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሩን በዓይኑ ሳይሆን በእጁ የነካው መካኒክ ተገኘ። ግርማ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ሚስቱ ምጥ እንደያዛት ባል ያልበዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሐጂ ለጨዋታ ያህል «አገራችሁ የት ነው?» አሉ።

«ከወልቂጤ ነው የመጣነው» አልኩ።

«እሱማ መኪና ያመጣችሁ ከዚያ ነው። አገራችሁ?»

«አባታችን ቸሃ ነው፤ እናታችን የዚሁ የመስቃን ሰው ናት» አለ ግርማ።

«የመስቃን! ከማን ቤት?»

ግርማን በዓይኔ ያዝኩት። ግን ሹፌር ነው፤ ከኋላ የሚመጣውን በመስታወት ካልሆነ አያይም።

«ከዳሙ ቤት።»

ሐጂ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ዳሙ? ዳሙ እኮ የእናቴ አያት ነው! ወላሂ፣ ደሜ ናችሁ!» ብለው ግርማን አቀፉት። በአማርኛ የጀመርነው ሰላምታ በጉራጊኛ እንደገና ተጀመረ፤ የሞተውም ያለውም በየስሙ ተጠየቀ። ከውስጥ ሴቶች ወጡ። የተፈታው ሞተር መሄጃ ስለዘጋ አንዷ ከረጢቱን ይዛ ወደ ጥግ ጎተተችው።

የዳሙ ቤት እንዲህ ነው። ግማሹ ወደ መስጊድ ሄደ፤ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ቀረ። በሠርግና በለቅሶ አልተለያየም። ሥጋ ላይ ግን እኛ እነሱ ያረዱትን አንበላም፤ እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም። ስለዚህ ክርስቲያን ዘመድ ሲመጣባቸው ክርስቲያን ጎረቤት ጠርተው በጉን ያሳርዳሉ፤ በዚያው ጎረቤት ድስት፣ በዚያው ጎረቤት እጅ ያሠራሉ። ሥርዓቱ የሚያኮራ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ የሐጂ ክርስቲያን ጎረቤት ታደሰ ነው።

«ታዴ!» አሉ ሐጂ። «ተወው እሱን ብረት! ዘመዶቼ መጥተዋል፤ ካራህን አምጣ!»

ታደሰ መፍቻውን ወረወረው። ሰውየው በመካኒክነቱ ይተዳደራል እንጂ የሚኮራው በአራጅነቱ ነው። «ምን ዓይነት ይሁን? ሙክት ነው?» እያለ ሲነሳ ፊቱ የበራውን ያህል ሞተሩ ዘንድ አልበራም ነበር።

«እትዬ!» አለኝ ግርማ በሹክሹክታ። «ነገ ከዚህ ካልወጣሁ ቅዳሜ አልደርስም! አንድ ነገር በያቸው!»

ንግግር አልወድም፤ ግን ተነሣሁ። «ሐጂ፣ እግዜር ያክብርልን። ግብዣው ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ዛሬ የመጣነው እንደ ደንበኛ ነው።»

ሐጂ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እንደ ደንበኛ?»

«አዎ።»

«እንደ ደንበኛ ከሆነ እህቴ፣ ከእኛ ያልተገዛ ዕቃ አንነካም። ፖሊሲ ነው።»

«እንደ ዘመድስ ከሆነ?»

«እንደ ዘመድማ ከሆነ ቤቴ እህል ሳትቀምሺ ዕቃሽን መንካት ነውር አይደለም?»

ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ብዙ ሒሳብ ሠርቻለሁ፤ ከሁለት በኩል ገብተህበት ከሁለቱም በኩል የተዘጋ ይህን የመሰለ አልገጠመኝም።

«ምን አሉሽ?» አለ ግርማ።

«ብላ አሉህ።»

በጉ መጣ። በጉም እንደ እኛ ቸኩሎ ኖሮ ከያዘው ሰው አምልጦ በሱቁ ውስጥ ገባ፤ በፓምፖቹ መካከል ተሽከርክሮ፣ ታደሰ በረድፍ የደረደራቸውን ብሎኖች በአራት እግሩ በትኖ በጓሮ በር ወጣ። ከኋላው ታደሰ፣ ከታደሰ ኋላ የሐጂ ቤተሰብ፣ ከሁሉም ኋላ ግርማ ይሮጣል፤ ግርማ የሚሮጠው በጉን ሳይሆን ታደሰን ለመያዝ ነው። እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ ብሎን ለቀምኩ። አንዷ እስካሁን አልተገኘችም። ሞተሩ ግን ሳያጣት ቀርቷል፤ ይህ ስለ ፋብሪካው ምን እንደሚል የሚያውቅ ይንገረኝ።

በጉ እስኪታረድ፣ የታደሰ ሚስት እስክትሠራ ድረስ፣ ከዳሙ ቤት ዘመድ መጥቷል የሚለው ወሬ መስቃንን አዳረሰ። አንዱ ገብቶ ይስመናል፤ ሌላው ገብቶ ይስመናል። የሳመን ሁሉ ደግሞ ጥግ ያለውን ሞተር ያይና «ይኼ ምንድን ነው?» ይላል፤ ነገር ሳያልቅ ገመዱን ይስባል። ሞተሩ ሆዱ ተከፍቶ ተኝቷል። እነሱ ይስባሉ።

ምሳው ቀረበ፤ ጥብሱ ከቆጮ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር። ዘመዶቻችን አይበሉትም፤ ዙሪያችንን ተቀምጠው ያያሉ። ሰው ሁሉ እያየ ለብቻ የሚበላ ምሳ ከፈተና አይለይም፤ ልዩነቱ እዚህ መኮረጅ አለመቻሉ ነው። ጥቂት ቆርሼ እጄን ስሰበስብ «አልጣፈጠሽም?» ይሉኛል። ስጎርስ «ቀስ በይ፣ ምን ያስቸኩልሻል?» ይሉኛል። የሐጂ ልጅ ባል ከድር የሚባል ትሑት ሰው እጃችንን አስታጠበን፤ ውሃውን እንኳ እንዳይበርደን አሙቆ ነበር። ግርማ መጀመሪያ በጭንቀት በላ፤ ቀጥሎ ስለ ጣመው በላ፤ በመጨረሻ አጥንቱን ሲግጥ ሐይቁን የረሳው መሰለኝ።

ታደሰ የጎድኑን ድርሻ ጨርሶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ቀበቶውን አላልቶ ወደ ሞተሩ ተመለሰ። ሆዱ ስለከበደው ማጎንበስ አልሆነለትም፤ ቆሞ ብቻ አየው። ቆሞ ሲያየው ነው ችግሩን ያየው።

«ይኼማ ደኅና ነው!» አለ። «እዚች ማጥፊያው ሥር የምትገባ ላስቲክ የለችም። ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩ እንዲቆም የምትደረግ ናት። እሷ ከሌለች መቼም አይነሳም።»

«ታዲያ ለምን ፈታኸው?» አለ ግርማ።

«ጉጉት» አለ ታደሰ።

ከተቀደደ ጀሪካን ቢጫ ቁራጭ ቆረጠ፤ በዚያው በበጉ ካራ አስተካክሎ ከቦታው ሰካ። ሞተሩን ገጣጥሞ በርሜል ሙሉ ውሃ ላይ አቆመውና ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ጮኸ! በርሜሉ ተናወጠ፤ ውሃው ተነሥቶ የሐጂን ጀለቢያ፣ የዘመዶቻችንን ፊት፣ የእኔንም ነጠላ አጠበ። ሴቶቹ እልል አሉ። ግርማ ፊቱን በጋቢው ጠረገ፤ ውሃ ነው አለ። እኔም ውሃ ነው አልኩ።

ገና አልመሸም። ነገ ዓርብ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ቅዳሜ ጠዋት ይሰለፋል። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ነበር። ሐጂ ጀለቢያቸውን እየጨመቁ «ለመሆኑ የት ልትሠራበት ነው?» ባይሉ ኖሮ።

«ዝዋይ፣ ሐጂ። የተራ ቦታ ተከፍቶ ስሜ ደርሷል። ቅዳሜ ጠዋት ነው።»

«ያቺ ቦታ?» አሉ ሐጂ። ወደ ከድር ዞሩ። «ከድር፣ ያንተም ስም እዚያ አልነበረም?»

ከድር መሬት መሬት አየ። «ነው ሐጂ። ከአንድ ሰው ቀጥሎ ነኝ። ሰውየው ካልመጣ የእኔ ነው።» ቀና ብሎ ግርማን በይቅርታ አየው። «እርስዎ መሆንዎን አላወቅኩም፣ ጋሼ።»

ሐጂ በመካከላቸው ቆመው የሁለቱንም ትከሻ ያዙ። «አልሐምዱሊላህ! ባዕድ ቢሆን ኖሮ ጭቅጭቅ ነበር። ዘመድ ከዘመድ ተራ አይሻማም። ከድር ልጆች አሉት፤ አንተ ብቻህን ነህ። እሱ ይቅደም፤ አንተ ቀጣዩን ትይዛለህ።»

ግርማ አፉን ከፈተ። ከዚያ ትሪው ላይ የቀረውን አጥንት አየ። የራሱ ጥርስ ምልክት አለበት። ሰው የበላው በግ ሆዱ ውስጥ ሆኖ ይመሰክርበታል።

«እሺ» አለ። ቆየት ብሎም «ቀጣዩ መቼ ይሆን?» አለ።

«አንዱ ሲተው ነው፣ ጋሼ» አለ ከድር በትሕትና። «እስካሁን የተወ የለም።»

ሞተሩ በርሜሉ ውስጥ ይጮኻል። ማጥፋት የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። ግርማ ጋቢውን አንስቶ ሞተሩን ሊጠቀልለው፣ አብረን ወደ ወልቂጤ ልንመለስ፣ ወደ እኔ መጣ።

«ሐጂ» አልኩ።

«አቤት፣ እህቴ!»

«ግርማ ዘመድዎ ነው አይደለም?»

«ወላሂ! ደሜ ነው!» ደረታቸውን መቱ። ቤት ሙሉ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«ሐይቁ ከዚህ ይቀርባል ወይስ ከወልቂጤ?»

«ከዚህ ነዋ። ምን ጥያቄ አለው?»

«እንግዲያው ተራው እስኪደርስ እርስዎ ቤት ይቀመጣል። እናንተን የመሰለ ዘመድ እያለው ከሩቅ ቢመላለስ ሰው ምን ይላል?»

ሐጂ ዘመዶቻቸውን አዩ። ዘመዶቻቸው ሐጂን አዩ። ከጥግ አንዲት አሮጊት «ማሻአላህ፣ የዳሙ ልጅ! ልክ ተናገረች» አሉ።

«ይቀመጥ» አሉ ሐጂ፣ ቀስ ብለው። «ቤቱ ነው።»

የወልቂጤው መኪና ሳይሞላ ለመድረስ እርጥቡን ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።